የባቲ ጠገራና የ1780 ቁጥር

ሰኞ በባቲ ገበያ የብር ጌጥ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ፊት ቆም ብትሉ ከአምባሩና ከዶቃው መካከል ጠገራ ብር ማየታችሁ አይቀርም። ባሏ ከሞተ በኋላ የሐዘን ሻሿን ከራሷ ያላወረደችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በአንድ በኩል አለች፤ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ በስተመጨረሻም 1780 የሚል ቁጥር። ገዢ ቁጥሩን አይቶ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያረጀ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ልቡ ይሞቃል። ይህ ሙቀት ብዙ ሰው ያታለለ ነው።

1780 (እ.ኤ.አ.፣ እንደ ሌሎቹ ዓመታት ሁሉ) ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ወጣ። ከቀይ ባሕር ወደብ እስከ ወሎና ጎንደር ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ! ጠገራዋ 28 ግራም ትመዝናለች፣ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ከምናምኑ ንጹሕ ብር ነው። ዳሯን ዙሪያ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ ስላለባት ማንም በድብቅ ሊልጋት ቢሞክር ፊደሉ ያሳብቅበታል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት እንኳ ጦሩ ለእህልና ለከብት የሚከፍለው በዚህችው ብር ነበር።

ሌላ መልክ ይዞ የመጣ ሁሉ ግን አፍሯል። ጣሊያን ለኤርትራ በ1890ዎቹ የንጉሡን የኡምቤርቶን ራስ የያዘ፣ ታሌሮ የተባለ ብር አወጣ፤ ገበያው ፊቱን አዞረበት። በ1918 ደግሞ ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጾ ሞከረ፤ እሱም አልሆነም። የዳግማዊ ምኒልክ ብር ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ተመትቶ ቢመጣም፣ በክብደት ከጠገራው እኩል ሆኖ ሳለ፣ ባላገሩን ከሴቲቱ ሊያላቅቀው አልቻለም። ንጉሠ ነገሥት ያልቻለውን ነገር በ1918 የሮም ሹማምንት እንችላለን ብለው ማሰባቸው ይገርመኛል።

ሙሶሊኒ በመጨረሻ ነገሩ ገባው። ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 ከኦስትሪያ የመምታቱን መብት ለ25 ዓመት ወሰደ፣ ሮም ላይ ያስመታም ጀመር። እንግሊዝ በምላሹ ለንደን ላይ መታች፤ ፓሪስና ብራስልስም መቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ፣ ከጦርነቱ በኋላ በርሚንግሃም። ሁሉም 1780 ብለው።

የሰብሳቢው ጨዋታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚው አንድ ናት ያላትን ብር ሰብሳቢው በአጉሊ መነጽር ይከፋፍላታል፦ በትከሻዋ ያለው ጌጥ ስንት ፈርጥ አለው፣ የንስሩ ጅራት ላባ እንዴት ተሠርቷል፣ ከ1780 ቀጥሎ ያለው የመስቀለኛ ምልክት ምን ይመስላል? የኮሚክ ሰብሳቢዎችም ይህን ጨዋታ ያውቁታል፦ በ1977 የአሜሪካው አሳታሚ ማርቭል ሠላሳ ሳንቲም የነበረውን የኮሚክ መጽሔት ዋጋ ለመጨመር አስቦ፣ ገዢው ምን እንደሚል ሊሞክር በጥቂት ከተሞች ብቻ 35 ሳንቲም ጽፎበት ሸጦ ነበር። ታሪኩም ሥዕሉም ያው ነው። ሆኖም ባለ 35ቱ የስታር ዋርስ ቁጥር 1 ዛሬ ከባለ 30ው ብዙ እጥፍ ያወጣል። ጥቂት የታተመ፣ ገበያው ያልተላመደው፣ ለሙከራ ብቻ የወጣ ነገር ቆይቶ ይወደዳል። ገበያው ባልፈለጋቸው በጣሊያን ታሌሮዎች ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ዛሬ ሰብሳቢ ከተራ ጠገራ ይልቅ እነሱን ያሳድዳል። የምኒልክ ብርም እንዲሁ ይመረመራል፦ በመጀመሪያዎቹ ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ የፊት እግሩን ነው፣ በኋለኞቹ ላይ የቀኙን።

ባቲ ውስጥ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ብዙው ጠገራ ቀለበት ተበይዶበት አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ የቀረውም ቀልጦ አምባርና አልቦ ሆኗል። ብየዳው ለሰብሳቢ ጉዳት ነው፣ ዋጋውን ይጥለዋል። ለባለቤቷ ደግሞ ያ ቀለበት ባይኖር ብሩ ምን ይሠራላታል? ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ዕቃ ሲከራከሩ አይግባቡም፣ መግባባትም አይጠበቅባቸውም። ለመሸጥ ያሰበ ሰው ግን ሳያስበይድ፣ ሳያቀልጥ፣ በአሸዋም ሳይፈትግ በፊት ፈርጡንና ላባውን ቢያይ አይከፋም፤ ብልጭ የሚል አዲስ ጠገራ የያዘውም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ቪየና ዛሬም ትመታዋለች።