«አየሁት» ያለችው ልጅ



ሰሞኑን በንባብ ክፍላችን ያወያየን እንግሊዛዊው ደራሲ ኢያን ማኪዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ ስሙ በቋንቋችን «ስርየት» እንደ ማለት ነው። ዓለማዊ ልብ ወለድ ለሰንበት ተማሪ ምን ይረባዋል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1935 በበጋ፣ በእንግሊዝ ገጠር በሚገኝ የባለጸጎች ቤት ነው። ብራዮኒ የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ ተረትና ቴአትር መጻፍ ትወዳለች። ታላቅ እኅቷና የቤቱ ሠራተኛ ልጅ ሮቢ እንደሚዋደዱ አልገባትም፤ በመስኮት ካየችውና ለእርሷ ካልተጻፈ ደብዳቤ ካነበበችው ተነሥታ ሮቢን በልቧ ክፉ ሰው አድርጋ ሣለችው። በዚያው ሌሊት የ15 ዓመት የአክስቷ ልጅ ሎላ በጨለማ ተደፈረች። ብራዮኒ የሚሸሽ ጥላ አየች፤ ለፖሊስ ግን ሮቢን አየሁት ብላ መሰከረች። ሮቢ ታሰረ። በደለኛው የቤቱ እንግዳ የነበረ ሀብታም የቸኮላት ፋብሪካ ባለቤት ነበረ።

በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ሁላችን በቃል እናውቀዋለን። ሶስናን የከሰሱት ሁለቱ ሽማግሎች ውሸታቸውን እያወቁ ዋሹ፤ ዳንኤልም ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ቢጠይቃቸው ቃላቸው ተለያየ። ብራዮኒን የሚያስፈራን ግን ይህ ነው፤ እርሷ እውነት የተናገረች መስሏት ነበር። ልቧ ያወቀውን ዓይኗ እንዳየው አድርጋ ተናገረች። በኋላ ጥርጣሬ ሲገባት ትልልቆቹ በጽኑ ቃሏ ደስ ብሏቸው ስለ ነበር ወደ ኋላ ለመመለስ ድፍረት አጣች። እኛስ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ቆመን ስለ ሰው ስናወራ ስንት ጊዜ ነው የሰማነውን እንዳየነው አድርገን የተናገርነው?

ብራዮኒ አድጋ ነርስ ሆነች፤ በ77 ዓመቷም እ.ኤ.አ. በ1999 እውነቱን ጻፈች። በጻፈችው ውስጥ ግን ፍቅረኞቹን እንደገና አገናኘቻቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1940 በጦርነቱ ጊዜ ሞተዋል።

ይህ ስርየት ነውን? በክፍላችን ክርክሩ ጦፈ። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል የሚመልስላቸው ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ እርሷ ለማን ትመልስ? ንስሓዋን እግዚአብሔር ይቀበላል ያልን ነበርን፤ ተበዳዩ ሞቶ በወረቀት ላይ ማስታረቅ ራስን ማጽናናት ነው ያልንም ነበርን። አልተስማማንም።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እስከዚያ ዝም ብላ የነበረች አንዲት እኅታችን ተነሣች። «ሎላስ?» አለች። «ማን እንደ ሆነ እርግጠኛ ሆና መናገር ሲያቅታት ብራዮኒ ስለ እርሷ ተናገረች፤ ኋላም ያንኑ ሰው አገባችው። እናንተም ሰዓቱን ሙሉ ስለ ሮቢና ስለ ብራዮኒ ተከራከራችሁ። የተጎዳችውን ልጅ ማን ጠየቃት?»

አጀንዳው ላይ የሎላ ስም አልነበረም። የሚቀጥለውን እሑድ ለእርሷ ይዘናል።