ዓርማዋ የወለቀ

ባለሦስት እግሯን ብስክሌት ባሕር ዳር የገዛኋት ግራ እግሬ በሕመም አልታዘዝ ካለኝ በኋላ ነው። ከተማሪነቴ እስከ ጡረታዬ ብስክሌት ስነዳ የኖርኩ ሰው፣ ባለሁለት ጎማዋን ሚዛኗን ጠብቄ መያዝ አቃተኝ። ሻጩ «ኦሪጂናል እንግሊዝ ናት መምህር፤ የጃንሆይ ዘመን ዕቃ» አለኝ። ማመን ስለፈለግሁ አመንኩት። በአይሱዙ አስጭኜ ወደ እንፍራንዝ አመጣኋት።

ሰፈራችን ብስክሌት የሚጠግነው ልጅ በሁለት ቀን እንጨርሳታለን ብሎ ነበር። ሁለት ወር ፈጀችብን። አብዛኛው ጊዜ ያለቀው በመጠገን ሳይሆን በመጠየቅ ነው። የማን ሥራ ናት? አንገቷ ላይ፣ የፋብሪካው ዓርማ ይመታበት በነበረው ቦታ፣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቃት ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር ቀለም ወጣ። አንድም ፊደል ግን አልወጣም።

ከኮርቻዋ ሥር ያለው ባለሦስት ማርሽ ተናገረ። በላምባ ታጥቦ ሲጠራ የስተርሚ አርቸር ስም፣ «ኤ ደብልዩ» የሚል ምልክትና 62 የሚል ቁጥር ታየበት። ይህ የእንግሊዝ፣ የኖቲንግሃም ፋብሪካ ማርሹ የተሠራበትን ዓመት ብረቱ ላይ ያትም ነበር። 1962 በፈረንጆች፣ በእኛ 1954 ወይም 1955 መሆኑ ነው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ቀጥሎ ፔዳሉ የሚዞርበትን መሐል አክሰል ለመፍታት ተነሣን። የቀኙ ክዳን አልንቀሳቀስ አለ። ልጁ እንደለመደው ወደ ግራ እያዞረ መፍቻው ላይ ወጥቶ ቆመበት። አስወረድኩት። በእንግሊዞች አሠራር የቀኙ ክዳን ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጣሊያኖቹ ግን ሁለቱም ወገን እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል። ሦስት ቀን ላምባ አጠጥተን ወደ ቀኝ ስናዞረው እሺ አለ። ልጁ «ይኸው እንግሊዝ ናት!» ብሎ ጮኸ። እኔ ደስታዬ ቀዘቀዘ። የቻይናው ፊኒክስም የሕንዱ ሂሮም አሠራራቸውን የቀዱት ከእንግሊዝ ነው። ክዳኑ ጣሊያን አለመሆኗን መሰከረ እንጂ ማን መሆኗን አልተናገረም። ማርሹም ቢሆን የነገረን የራሱን ዕድሜ ነው፤ የእሷን አይደለም።

የኋላዋን ስንከፍት ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የኋላው አክሰል የፋብሪካ አልነበረም። የተቆረጠ የውኃ ቧንቧ፣ የተበየደ ላሜራ፣ ከሌላ ማሽን የወጣ ኩሽኔታ ነው። ባለሁለት ጎማ ብስክሌት ቆርጦ ሦስተኛ እግር የቀጠለላት እዚሁ አገራችን ያለ በያጅ ነው። ሥራውንም ያውቅ ነበር። ካቴናው የሚያዞረው የቀኙን ጎማ ብቻ ነው፤ የግራው አክሰሉ ላይ ልቅ ሆኖ ለብቻው ይዞራል። ሁለቱንም አጥብቆ አስሯቸው ቢሆን ኖሮ፣ መታጠፊያ ላይ የውጩ ጎማ ከውስጡ የረዘመ መንገድ መሄድ ስላለበት አንዱ መሬት ላይ እየተጎተተ ያልቅ ነበር። ይህን ያሰበ ሰው ስሙን የትም አልጻፈም። የቀኙ ፔዳል ላይ ደግሞ እግር የሚያስር አሮጌ ጠፍር አለ። ቀኝ እግሩ ለማይታዘዝለት ለአንድ ሰው ተብላ የተሠራች ናት።

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ የከፈልኩት የእንግሊዝ ዋጋ ነበርና። ንዴቱ ሲበርድ ግን ለብዙ ዓመት ሸፍኜ የያዝኩት ሌላ ነገር ተገለጠ።

ለእንፍራንዝ ሰው ዘርዓ ያዕቆብ ዘመድ ነው። በስሙ የሚታወቀው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ ሐተታው፣ እንደሚተርከው፣ አክሱም አካባቢ የተወለደው ሊቅ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረ። በኋላ እዚህ መጥቶ ሀብቱ በሚባል ባለጠጋ ቤት መዝሙረ ዳዊት ጻፈ፣ ልጆች አስተማረ፣ ኂሩት የምትባለውን የቤቱን ሠራተኛ እኩያው አድርጎ አገባ። መጽሐፉንም በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና በ1667 በፈረንጆች ጻፈ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ይለወጥ ነበር። ከጥቁር ሰሌዳው ዞሬ በመስኮት መንደሩን አሳያቸዋለሁ።

ያልነገርኳቸው አለ። ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የመጽሐፉ ሁለት ቅጂዎች ሁለቱም ያለፉት በአንድ ጣሊያናዊ ካፑቺን ሚሲዮናዊ፣ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ እጅ ነው፤ እሱም በፈረንጆቹ 1850ዎቹ ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ አቀበላቸው። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በፈረንጆቹ 1920 ተነሥቶ ደራሲው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ባሳተማቸው ጥራዞች ሥራው የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። የልጆቹን ኩራት የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር፤ የጠበቅሁት የራሴን ነው።

ያ መጽሐፍ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚለምነው መመርመርን ነው። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው ልቡና የሰጠው ከአባት የተቀበለውን ሁሉ እንዲፈትንበት ነው ይላል። እንዲህ የሚልን መጽሐፍ ከጥያቄ መሸሸግ እሱን አለማንበብ ነው።

ብዙ ወዳጆቼ «ሐሳቡ እውነት ከሆነ ማን ጻፈው ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ይህ መልስ አያሳርፈኝም። ስለ ልቡና የተነገረው ቃል በማንም ይጻፍ በማን ሊመዘን ይችላል። ዋሻው ግን አይመዘንም። በዋሻው ውስጥ ብቻውን ዳዊት ሲደግም ያደረ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም? ከነበረ፣ አንድ የአገሬ ሰው በስደት መሐል እንዲህ ማሰብ ችሏል ማለት ነው። ካልነበረ ሐሳቡ ይቆማል፤ ምስክሩ ይወድቃል። ልቤ ነበረ ይላል። የልቤን ምኞት ግን ማስረጃ ብዬ ማቅረብ አልችልም።

ሠሪው ያልታወቀ ነገር ክብር ይኖረው እንደሆነ ስጠይቅ ስለ ቤተ ክርስቲያን አሰብኩ። የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ግድግዳው ፈርሶ በድንጋይ ይሠራል፤ ምእመኑ ግን «አዲስ ቤተ ክርስቲያን» አይልም፤ ታቦቱ ያው ነውና። የዚያን ታቦት ጠራቢ ስም የሚጠይቅ አላየሁም። ቅድስናው የመጣው ጳጳሱ ሜሮን ቀብቶ ከባረከው ጊዜ ነው። ስለዚህ የሠሪ ስም ሳይታወቅም ክብር አለ። ነገር ግን ያልተባረከውን ተባርኳል ብሎ መንበር ላይ የሚያስቀምጥ ካህን ቢኖር ምን እንለዋለን? ክብር ስም አያሻውም፤ ሐሰትን ግን አይሸከምም። ብስክሌቷም ትሸከመኛለች ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ናት የሚለው ሌላ ነው። ለአንዱ የተገኘ መልስ የሌላውን ዕዳ አይከፍልም።

ቀለም ቀብተን ልንጨርስ ስንል ልጁ የእንግሊዙን ፋብሪካ የራሌን የሚለጠፍ ዓርማ ከኪሱ አወጣ። «መምህር፣ ይቺን አንገቷ ላይ ብንለጥፍ አያምርባትም?» በፍቅር ነው ያመጣው፤ በገዛ ገንዘቡ ነው የገዛው። አጠገቤ አስቀምጬ ከማርሹ እስከ አክሰሉ ያየነውን አንድ በአንድ አስታወስኩት። ዝም ብሎ ቆይቶ «ታዲያ የበያጁን ሥራ የእንግሊዝ ልንለው ነው?» አለና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ካቴናውን፣ ካላማዳሪያዎቹንና የተበሉትን ራጂዎች ቀየርን። አክሰሉን በግሪስ አሽተን እንዳለ መለስነው። ልጁ ብየዳውን በሞረድ ሊያለሰልሰው ፈልጎ ነበር፤ እጁን ያዝኩት፤ የዚያ ሰው ፊርማ እሱ ብቻ ነው። ለእኔ ግራ እግር አዲስ ጠፍር አሠራሁ፤ የቀኙ አሮጌ ጠፍር ግን አይጠቅመኝም ብዬ አልጣልኩትም፤ በቅባት አርሼ እቦታው ተውኩት። በመጀመሪያው ቀን መታጠፊያ ላይ እንደ ድሮዬ ሰውነቴን ሳጋድል ቦይ ውስጥ ልትከተኝ ነበር። ባለሦስት እግር አትጋደልም፤ በመሪዋ ብቻ ነው የምትታጠፈው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰውነት ይህን ለመማር አንድ ሳምንት ወሰደበት።

አሁን በየማለዳው እስከ አስፋልቱ ዳር እወጣባታለሁ። የሚያገኙኝ የድሮ ተማሪዎቼ «መምህር፣ የማን አገር ናት?» ይሉኛል። ማርሿ የእንግሊዝ፣ አካሏ ምናልባት የቻይና ወይም የሕንድ፣ ሦስተኛ እግሯ የእኛ ሰው ሥራ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ጊዜ ካላቸው ደግሞ አስቀምጬ የሐተታውን ሙግት ከሁለቱም ወገን አወራቸዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ ያስቀረሁባቸውን።

አንገቷ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ውኃ ገብቶ እንዳያዝጋቸው ግሪስ ሞልቼባቸዋለሁ።