ድንቢጧ የማን ነበረች?



በዚህ ጽሑፍ ላቀርብላችሁ ያሰብኩት ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም አንድ ሰው በቅን ልቡና ያደረገው ሥራ ጉዳት ቢያስከትል ያ ሥራ መልካም ሊባል ይችላልን? የሚል ነው። ጥያቄው የመጣብኝ ከመጽሐፍ አይደለም፤ መዳፍ ከማትሞላ አንዲት ድንቢጥ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ድንቢጦች ጎጆ ይሠራሉ። አንድ ቀን ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ፣ ጅራቷ አጭር፣ ላባዋ ያልተስተካከለ፣ የአፏ ጥግና ጥግ ገና ቢጫ የሆነ ጫጩት ከበርሜሉ ሥር ተቀምጣ አገኘሁ። ከአጥሩ ላይ አንዲት ትልቅ ድንቢጥ ያለ ማቋረጥ ትጮኻለች። እኔም እናቲቱ «ልጄን አድኑልኝ» የምትል መሰለኝ። ጫጩቲቱን አነሣሁና በካርቶን ውስጥ ጥጥ አንጥፌ አስቀመጥኳት። ልቤ በደስታ ሞላ። ስለ ርኅራኄ የተማርኩት ሁሉ እነሆ በእጄ ተፈጸመ አልኩ።

ዛሬ የማውቀውን ያን ቀን አውቄ ቢሆን ኖሮ ባለችበት እተዋት ነበር፤ ቢበዛ ድመት እንዳያገኛት ከፍ ካለ ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጣት ነበር። ላባ ያወጣች፣ መቆምና መዝለል የምትችል ጫጩት የወጣችው ጊዜዋ ደርሶ ነው እንጂ ወድቃ የጠፋች አይደለችም። የድንቢጥ ልጅ በጎጆ የምትቆየው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መብረር በቅጡ ሳትችል ትወጣለች፤ እናትና አባቷም ከምድር ከቁጥቋጦው እየተከተሉ ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ይመግቧታል። እንግዲህ በአጥሩ ላይ የነበረችው እናት እርዳታ አልጠየቀችኝም። ስትከስ የነበረው እኔኑ ነው።

ላባ ያልበቀለላትና ዐይኗ ያልተገለጠ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እንዲህ ያለችውን ወደ ጎጆዋ መመለስ ይገባል። የሰው እጅ የነካትን ጫጩት እናቷ ትተዋታለች የሚባለው እውነት አይደለም። እኔ ግን ይህን ወሬ ሰምቼ ስለ ነበር፣ አንድ ጊዜ ካነሣኋት ወዲያ መመለስ የማይቻል መሰለኝ። አንዱ ስሕተት ሌላውን ወለደ።

ያበላኋት ዳቦ በወተት ነበር። ወተት ለወፍ ሆድ አይስማማም። ውኃ በጠብታ አፏ ውስጥ ባደርግም ትንፋሿ ሊቆም ምንም አልቀረው፤ የወፍ የመተንፈሻ ቀዳዳ እዚያው ከምላሷ በስተኋላ መሆኑን ማን ነግሮኝ! በሦስተኛው ቀን አንገቷን ማቅናት አቃታት። ከሞት ያወጧት ሁላችንም እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ካርቶኑን ገልጠው አዩና «አንተ ልጅ፣ ድንቢጥ ልጇን ወተት ስታጠጣ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከጓሮው ጎመን ላይ ትል ለቅመው በስንጥር ጫፍ አቀረቡላት። እህል የሚለቅመው ያደገው ድንቢጥ ነው፤ ጫጩት ግን በትልና በነፍሳት ነው የምታድገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ታናሽ እኅቴ ከንጋት እስከ ምሽት በየግማሽ ሰዓቱ ትልና ፌንጣ ስናሳድድ እንውል ጀመር። ትምህርት አለመከፈቱ ጠቀመን። (አንዲት ነፍስ ለማቆየት ስንት ነፍስ እንዳጠፋን ያሰብኩት ቆይቼ ነው፤ ፌንጣዎቹን አድኑልን ብሎ የጮኸ አልነበረም።)

ድንቢጧም ዳነች። ከመደርደሪያው ወደ መጋረጃው መብረር ጀመረች። እውነተኛው ችግር የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ወደ ቤት ስገባ በድንቢጧ እግር ላይ ቀይ ክር ታስሮ፣ የክሩም ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር ተቋጥሮ አገኘሁ። እኅቴ ያን ጊዜ 8 ዓመቷ ነበር። «ለምን አሰርሻት?» ብላት፣ «እንዳትሄድ ነዋ! እኛ ባንኖር ትሞት ነበር። የእኛ ናት» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። በልቤ የማስበው ይህንኑ ነበርና። ደግሞም እኛ ባንኖር አትሞትም ነበር፤ ይህን ግን ያን ጊዜ ሁለታችንም አናውቅም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ያዳነ ሰው ያዳነውን ሕይወት ይወርሳልን? ነገሩ በወፍ ብቻ አያበቃም። የዘመድ ልጅ ከገጠር አምጥቶ ማሳደግ በአገራችን የቆየ ደግነት ነው፤ በዚህ ደግነት ተምረው ለወግ ለማዕረግ የበቁ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ልጁ ወይም ልጅቷ አድገው በራሳቸው መንገድ ልሂድ ሲሉ «ማን አሳደገህ? ማን አበላሽ?» የሚለው ቃል የሚወጣባቸው ቤቶች አሉ። እንጀራው እውነት ነው፣ ፍቅሩም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ክሩም እውነት ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ስለ ወፍ ጎጆ የተደነገገ ሕግ አለ። በመንገዱ ላይ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ወይም እንቁላሎቹን ቢወስድ እንኳ፣ በላያቸው የተቀመጠችውን እናት አብሮ እንዳይወስድ፣ ይልቁንም እንዲለቃት ያዝዛል። ይህን ሕግ ባነበብኩ ቁጥር የሚያስደንቀኝ ስለ ሰውየው ስሜት አንድም ነገር አለመጠየቁ ነው። ወፏን ውደዳት አይልም፤ እዘንላትም አይልም። እጁን የሚያቆምበትን ቦታ ብቻ ያሳየዋል። እኔና እኅቴ ፍቅር አልጐደለንም ነበር፤ የጐደለን ማቆሚያው ነው። በወንጌልም በማቴዎስ ሁለት ድንቢጦች በአንድ ሳንቲም፣ በሉቃስ ደግሞ አምስት በሁለት ሳንቲም ሲሸጡ እናገኛለን። አምስተኛዋ ምርቃት መሆኗ ነው። እርሷም እንኳ ባለቤት እንዳላት ተነግሮናል፤ ባለቤቷ ግን ገዢው አይደለም።

እንልቀቃት ብዬ በመጨረሻ ቆረጥኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያሰብኩት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ወስጄ፣ ከጥዱና ከወይራው ሥር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ እያዩ ልለቃት ነበር። እማማን ባማክራቸው «ሰው ፊት ለምን አስፈለገ? ዘመዶቿ ያሉት እዚህ አጥር ላይ ነው፤ እዚያ ማንን ታውቃለች?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ድንቢጥ ከሰው ቤት ጣሪያ ጋር የምትኖር ወፍ ናት። ዐጸዱን የፈለግሁት ለራሴ ነበር።

በኋላ እንደተረዳሁት በዚህ ረገድ ብቻዬን አይደለሁም። በሩሲያ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 29 ቀን በሚውለው የብሥራት በዓል ከወጥመድ የተያዙ ወፎችን ገዝቶ የመልቀቅ የቆየ ልማድ አለ። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ቀን ገበያ ብለው ከዱር የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ። በታይላንድና በካምቦዲያም በቤተ መቅደሶች አጠገብ ሰዎች ለጽድቅ ብለው ወፍ ገዝተው ይለቃሉ። ገዢ በተገኘ ቁጥር አጥማጅ ይበዛል፤ ብዙዎቹ ወፎችም ቀኑ ሳይደርስ በቀፎ ውስጥ ይሞታሉ።

በማግስቱ ጠዋት እኅቴ ክሩን በመቀስ ቆረጠች። ቁራጩ በእግሯ ላይ ቀርቶ ከቅርንጫፍ እንዳይጠልፋት ቋጠሮውን በመርፌ ጫፍ ፈታነው። ጊዜ ወሰደብን፤ እኅቴ አላለቀሰችም። ድንቢጧ በርሜሉ ላይ ጥቂት ቆይታ ወደ አጥሩ ወጣች፤ ከዚያም ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለችና የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተን። ሁለት ቀን ያህል አንዲት ድንቢጥ ወደ ደጃችን እየመጣች ከእኅቴ እጅ ትል ወሰደች። ሰው የማትፈራ መሆኗ እኅቴን ደስ አሰኛት፤ እኔን አሳሰበኝ። ፍርሃቷን የወሰድነው እኛ ነንና።

በአራተኛው ቀን ከአጥሩ ሥር ጥቂት ቡናማ ላባዎች ተበትነው አገኘን። የጎረቤቱ ድመት አልፎ አልፎ በዚያ ያልፋል። እኅቴ አንዱን ላባ አንሥታ «የእሷ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የማውቀው ነገር አልነበረም። «አይደለም፤ የሌላ ነው» አልኳት። ላባውን ወርውራ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

አሁን አድጋለች። ያን መልሴን እስካሁን አላረምኩላትም።