ባርት ነፍሱን ሲሸጥ

ዮሐንስ አፈወርቅ ሳቅ አይወድም ነበር። የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ጌታ ሲያለቅስ እንጂ ሲስቅ አልተጻፈም ብሎ ምእመናኑን ይገሥጻል። እኔም በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁት፣ ዛሬም አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልጆች የማስተምረው፣ ይህን ተግሣጽ ከነክብደቱ ይዤ ነው። ስለ ነፍስ ስናወራ አንዱ አሜሪካ የተወለደ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ባርት ሲምፕሰን እኮ ነፍሱን በ5 ዶላር ሸጧል» ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት። ማታ ግን ፈልጌ አየሁት።

«ዘ ሲምፕሰንስ» በፈረንጆች 1989 ተጀምሮ እስካሁን የዘለቀ የካርቱን አስቂኝ ድራማ ነው፤ ይህ ክፍል የታየው በ1995 ነው። ባርት ነፍስ የሚባል ነገር የለም እያለ «የባርት ሲምፕሰን ነፍስ» ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ ለጓደኛው ለሚልሃውስ ይሸጥለታል። ከዚያ የሱቁ አውቶማቲክ በር አልከፈትለት ይላል። መስታወት ላይ ሲተነፍስ ጉም አይሠራም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው፦ እሱና እህቱ ሊሳ ዘወትር የሚንከተከቱበት የድመትና የአይጥ ካርቱን ሲመጣ ባርት መሳቅ ያቅተዋል። ነፍሱን ያጣ ልጅ ምልክቱ ሳቁን ማጣቱ ሆነ! አፈወርቅ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

የዚህ ክፍል ደራሲ ግሬግ ዳንኤልስ ነው። ተማሪ ሳለ የአንድ ጉልበተኛ ልጅን ነፍስ በ50 ሳንቲም ገዝቶ ነበር ይባላል (በቴሌቪዥን ዋጋው ዐሥር እጥፍ ንሯል)። ዳንኤልስ ኋላ «ዘ ኦፊስ» የተሰኘውን አስቂኝ ድራማ አሜሪካዊ አድርጎ በ2005 አቀረበ። የእንግሊዙን «ዘ ኦፊስ» ከስቲቨን መርቻንት ጋር የፈጠረው፣ አምላክ የለም ባዩ ሪኪ ጀርቬይስም፣ በ2006 የ«ሲምፕሰንስ» አንድ ክፍል ጽፎ ራሱም ተጫውቶበታል። ኮናን ኦብራየንም ወደ ሌሊት የቴሌቪዥን ወግ ከመዛወሩ በፊት እዚያው ደራሲ ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጣው ኮሜዲያን ሁሉ ከ«ሲምፕሰንስ» አንድ ነገር የወሰደ ይመስለኛል፤ ድፍረቱን። ቄስ ላቭጆይ ሲሰብክ የባርት አባት ሆሜር የሚያንቀላፋውን ይኮርጃሉ፤ ባርት በጭንቀት ሌሊት የሚጸልየውን ግን ይዘሉታል። እኔ ደግሞ ያለ ጸሎቱ ያ ማንቀላፋትም አያስቀኝም። አለቃ ገብረ ሐና ካህኑን ሲሸነቁጡ ራሳቸው የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ ቀልዳቸው ከማኅሌቱ ውጭ ቆሞ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ቀልድ አልነበረም።

ከሊሳ ጋር የማልስማማው የዚያ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀቱን በራሷ ገንዘብ ገዝታ ትመልስለትና፣ ሰው ነፍስ ይዞ አይወለድም፣ በመከራና በጸሎት ያገኛታል የሚሉ ፈላስፎች አሉ ትለዋለች። ደግ እህት ናት፤ ነገረ መለኮቷ ግን አያስኬድም። በ40 ቀኑ ክርስትና የሚነሳ ወንድ ልጅ የትኛውን መከራ አሳልፎ ነው? ነፍስ ስጦታ ናት፤ ደመወዝ አይደለችም። ይህንኑ ለልጆቹ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ባርት የሸጠው ምኑን ነው?» አለችኝ አንዷ።

«ወረቀቱን ብቻ ነዋ።»

«እና መሳቅ ለምን አቃተው?»