«ትንሽ ነው» የሚለው ማነው?

የሐይቅ እስጢፋኖስን ብራናዎች ያሰበ ሰው ይህን ያውቃል፦ ጸሐፊ አንድ ቅጂ ላይ ፊደል ቢሳሳት፣ ስሕተቱ እዚያው ይቀራል። እናት መጽሐፉ ላይ ከተሳሳተ ግን ከርሱ የሚቀዳው ሁሉ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል።

የሰው ገላም እናት መጽሐፍ አለው። ሳይንቲስቶች ስቴም ሴል ይሉታል፤ እኛ ግንድ ሕዋስ እንበለው። መቅኔያችን ውስጥ ተቀምጦ ዕድሜ ልካችንን ደማችንን የሚተካው እርሱ ነው። ቲልና ማኩሎክ ቶሮንቶ ላይ በ1961 እ.ኤ.አ. መኖሩን ያሳዩት፣ በጨረር ለተጎዱ አይጦች የሌላ አይጥ መቅኔ እየሰጡ ሲመረምሩ ነው።

ጨረር በዚህ ሕዋስ ሲያልፍ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ሊበጥስ ይችላል። ሕዋሱም እንደ ጸሐፊው ፍቆ ያርማል። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል፤ አንዳንዴ ይሞታል፤ አንዳንዴ ደግሞ አሳስቶ ያርምና በሕይወት ይቀጥላል። ያን ጊዜ ከርሱ የሚወለዱት ሁሉ ስሕተቱን ይወርሳሉ። ካንሰር የሚነሣው እንዲህ ያለ ስሕተት ሲጠራቀም ነው።

እርግጥ ጨረር እንግዳ ነገር አይደለም። ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ የሚደርሰን በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። የአምባሰል ሰው ከፍታ ላይ ስለሚኖር ከባሕር ዳር ነዋሪ ይልቅ ብዙ የሰማይ ጨረር ያገኘዋል። አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 አያልፍም፤ ሲቲ ስካን ግን 10 ሊደርስ ይችላል። ከ100 በታች ያለው ሁሉ «ዝቅተኛ» ይባላል። በዚህ መጠን የእገሌ በሽታ ከጨረር መጣ ብሎ ነጥሎ ማሳየት አይቻልም። የጥበቃው ደንብ ግን «መጠኑ ሲያንስ አደጋው ያንሳል እንጂ አይጠፋም» ከሚል ግምት ይነሣል።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። «ትንሽ ከሆነ ምን ችግር አለው?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ለመሆኑ ሚዛኑን የያዘው ማነው?

ከአምባሰል ገደል ወድቆ እግሩ የተሰበረ እረኛ ራጅ ይነሣ እንበል። አደጋውም ጥቅሙም የራሱ ነው። ፈርቶ ቢቀርና አጥንቱ ጠሞ ቢገጥም ኖሮ ይብስበት ነበር። አሁን ደግሞ ልጇን ልታሳክም ከሐይቅ ደሴ የሄደች ነፍሰ ጡር እናት እናስብ። «እህቴ፣ ነይ ልጁን ያዥው፤ ምንም አይልሽም» ብትባልስ? እዚህ ላይ አደጋውን የሚሸከመው ገና ያልተወለደው ነው። ከራጁ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ የጠየቀውም የለም።

አሊስ ስቱዋርት የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም በ1956 እ.ኤ.አ. በፅንስነታቸው ራጅ ያገኛቸው ሕፃናት በካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ እንደሚበልጥ አመለከተች። ይህን ያወቀችው በረቀቀ መሣሪያ አልነበረም፤ እናቶችን በመጠየቅ ነው። ብዙ ባልደረቦቿ ግን ለዓመታት አልተቀበሏትም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ከመካከላችን ሐኪምም የራጅ ባለሙያም የሚሆን አለ። «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ?» የምትል ጥያቄ ሳንቲም አታስወጣም። በሌላው ላይ የሚደርሰውን አደጋ «ትንሽ ነው» ብሎ የመቀበል መብት የተሸካሚው ነው፤ የተማረው ሰው ዕዳ ማስረዳት ነው። ሊጠየቅ በማይችለው ላይ ደግሞ ለርሱ የማይጠቅመውን ጭነት፣ ትንሽም ብትሆን፣ ያለ ግድ አንጫን። እናት መጽሐፉ የርሱ ነውና።