የሙታን ምስልና የሕያዋን መጽናናት

ሰው የሚወደውን በሞት ሲያጣ አንድ ጊዜ እንኳ ዳግመኛ ሊያየውና ድምፁን ሊሰማ መመኘቱ ከፍቅር የሚመነጭ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። በዘመናችን ግን ይህን ምኞት ለመፈጸም የሚሞክር ጥበብ ተገኝቷል። ይኸውም ዓይንን በሚሸፍን መነጽር አማካይነት ሰውን በኮምፒውተር ወደ ተሠራ ዓለም የሚያስገባው፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተባለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ኤም.ቢ.ሲ. የተባለው የደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ አንዲት እናት በ2016 ዓ.ም. በሕመም ከሞተችባት ትንሽ ልጇ ምስል ጋር ስትገናኝ አሳይቶ ነበር። ባለሙያዎች የሕፃኗን መልክ ከፎቶግራፍና ከቪዲዮ ተነሥተው ሠሩ፤ እናቲቱም መነጽሩንና ልዩ ጓንት አድርጋ፣ እያለቀሰች እጇን ዘረጋች።

በዚህች እናት ላይ ልንፈርድ አንደፍርም። ነገር ግን በመነጽሩ ውስጥ የተናገረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። ቃሉን ሌሎች አዘጋጅተው በሕፃኗ አንደበት አኖሩት። የሞተ ሰው ፈቃዱን ሊሰጥ፣ «እኔ እንዲህ አላልሁም» ብሎም ሊቃወም አይችልም። በሕያው ሰው ስም ያልተናገረውን መናገር በደል ከሆነ፣ ራሱን ሊከላከል በማይችለው ስም መናገር ምንኛ ጥንቃቄ ይሻ ይሆን?

«ፎቶግራፍስ በየቤታችን ተሰቅሎ የለምን?» የሚሉን ይኖራሉ። ፎቶግራፍ «እንዲህ ነበረ» ይለናል፤ የሚናገረው ምስል ግን «አለ» ይለናል። ያኛው ትዝታን ይጠብቃል፤ ይኸኛው ትዝታን ሊተካ ይችላል። ደግሞም የምንወደው ሰው የራሱ ፈቃድ ያለው ነው፤ ይመክረናል፣ ይገሥጸናል፣ አንዳንዴም ያስቀይመናል። የምንሻውን ብቻ እንዲናገር የተሠራ ምስል ግን ፍቅራችንን ቀስ በቀስ ወደ ራሳችን ይመልሰዋል።

አንድ ጊዜ፣ በቤተ ሰብና በሐኪም ድጋፍ፣ ለስንብት መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ በየምሽቱ ወደ ምስሉ እየተመላለሱ መኖር ግን ሌላ ነው። መሣሪያው በየቤቱ በገባ ጊዜ፣ ኀዘንተኛው እንዳይጽናና እያደረገ ከእንባው የሚያተርፍ ነጋዴ አይታጣም።

ስለዚህ መለኪያችን ይህ ይሁን፦ መሣሪያው ኀዘንተኛውን ወደ ሕያዋን ይመልሰዋልን፣ ወይስ ከእነርሱ ይለየዋል? ሙታንን በጸሎት እናስባቸው፤ ያዘኑትንም አዘውትረን እንጎብኛቸው። ከሠልስት በኋላ ብቻውን የቀረ ሰው ወደ ምስል ቢሸሽ፣ ከመሣሪያው አስቀድመን የምንጠየቀው እኛ ጎረቤቶቹ ነን።