ቤቱ የማን ነው?



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂዱ በር ላይ ጠበቀኝ። አባቱ ሲሞቱ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ ሦስት የኪራይ ክፍሎች ትተዋል። በአንደኛዋ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ስድስት ዓመት ኖራለች። አሁን ደላላ መጥቶ «እሷን አስወጣና እጥፍ የሚከፍል ላምጣልህ» ብሎታል።

«ኡስታዝ፣ ቤቱ የኔ ነው፤ ገበያውም እንዲህ ነው። ሐራም ነው እንዴ?» አለኝ።

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ውርሱ ተከፍሏል?» ዝም አለ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሟች ዕዳና ኑዛዜ ከወጣ በኋላ፣ ልጆች ካሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ አላት፤ ሴት ልጆችም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ በየወሩ የሚገባው ኪራይ የእናቱና የእህቶቹም ነው። ስለ ተከራይ ሐቅ ከመጨነቃችን በፊት እቤታችን ያለውን ሐቅ እንመልስ።

ወደ ኪራዩ እንመለስ። በሸሪዓችን ኪራይ «ኢጃራ» ይባላል። አከራይ የሚሸጠው ግድግዳውንና ቆርቆሮውን ሳይሆን በቤቱ የመገልገል ጥቅሙን ነው። ዋጋውም ጊዜውም ከመነሻው መታወቅ አለበት። ውሉ ሳያልቅ በራስ ፈቃድ ዋጋ መጨመር አይቻልም፤ ሲያልቅ በስምምነት አዲስ ዋጋ መነጋገር ይቻላል። ጣሪያው ቢያፈስ ማስጠገን የአከራዩ ድርሻ ነው። በጎጃም ክረምት በሚያፈስ ቤት ሙሉ ኪራይ መቀበል፣ የሸጡትን ሳያስረክቡ ዋጋውን መውሰድ ነው።

የሀገር ሕግም አለ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንዲሆን ይላል። ውል ከመግባታችሁ በፊት አፈጻጸሙን ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ። ውል መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከቁርኣን አያዎች ረጅሙ ዕዳን እንድንጽፍ የሚያዘን ነው።

«ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ ተምኑልን ሲባሉ እምቢ ብለዋል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ምክንያታቸው ግን ማንንም በድለው አላህን መገናኘት አለመፈለጋቸው ነበር። ከበደል የሸሸን ሐዲስ ለመበደያ አንጥቀስ። እንደ ኢብን ተይሚያ ያሉ ዑለማዎችም ሰው በችግሩ ሲበዘበዝ መሪ ጣልቃ ሊገባ እንደሚችል አስተምረዋል።

ብዙ ጊዜ የማናየው ዙልም ደግሞ ቆጣሪው ላይ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየጨመረ ይሄዳል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውድ ይከፍላል። ይህ የአከራዩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ቢሉን ደብቆ ከመጣው በላይ ማካፈል ግን ጥፋቱ ነው። ሱረቱል ሙጦፊፊን የሚወቅሰው ሲቀበል ሞልቶ፣ ሲሰጥ አጉድሎ የሚሰፍረውን ነው። ቢሉን ለተከራዮችህ አሳይ፤ በግልጽ ተካፈሉ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሐቅ ነው። ከሐቅ በላይ ኢሕሳን አለ።

ሙሳ (ዐ.ሰ) ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ቤት አልባ ስደተኛ ነበሩ። የተቀበሏቸው ሽማግሌ ስምንት ዓመት እንዲያገለግሏቸው ተዋዋሉ፤ አሥር ቢሞሉ ግን በራሳቸው ፈቃድ እንደሚሆን፣ ሊያስቸግሯቸውም እንደማይሹ ነገሯቸው። ስምንቱ ሐቅ፣ ሁለቱ ኢሕሳን። ጉልበት ያለው ወገን ውሉን ሲዋዋል የደካማውን ጭንቀት አሰበ። ሙሳም ረጅሙን ጊዜ እንደፈጸሙ ከኢብን ዐባስ ተላልፏል።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ተከራይ ነበርኩ። አንድ ወር ኪራይ ዘግይቶብኝ አንገቴን ደፍቼ ስገባ፣ አከራዬ፣ ክርስቲያን እናት ናቸው፣ «ልጄ፣ ሲመጣልህ ትሰጠኛለህ፤ ይልቅ እራት በልተሃል?» አሉኝ። ዛሬም በዚያ ሰፈር ሳልፍ ሳልጠይቃቸው አላልፍም። ተከራይ የሆናችሁም ቤቱ አማና ነው፤ በቀኑ ክፈሉ፣ ስትወጡ ደህና አድርጋችሁ አስረክቡ።

ለወጣቱ ያልኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ውርሱን ክፈሉ። ከዚያ እናትህንና እህቶችህን አማክር፤ በሰው ድርሻ ቸር መሆን አይቻልምና። ውሉ ሲያልቅ ሕጉ የሚፈቅደውን፣ ሴትዮዋም የምትችለውን ጨምር፤ አስቀድመህም ንገራት። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሰው በወጣና በገባ ቁጥር ነው፤ አንተ ግን ስለዚያች እናት ነገ ትጠየቃለህ።

«እጥፉስ ይቅርብኝ?» አለ። አዎ፣ ይቀርብሃል። ኢሕሳን የሚያስከፍል ነገር ነው፤ ምንም ካላስከፈለህማ ምኑን ሰጠህ?

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቤታችንን በረካ ያለው ያድርግልን። የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን።